ፎቶ ቤት የበራው ጧፍ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ጎረቤቴ ጧፍ ለኩሳ መጣች። መልካም ሴት ናት፤ ልጆቹ ጨለማ ይፈሩ ይሆናል ብላ ነው። መብራቱ ሲመለስ እፍ ብላ አጠፋችውና ያ ነጭ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ። የጠፋ ጧፍ ሽታ ያደገበት ሰው ያውቀዋል፤ ግማሹ ማር ነው፣ ግማሹ የተቃጠለ ጥጥ። ስልኬን አውጥቼ የወንድሜን ስም ፈለግሁ። ከስሙ ጎን አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። ጎረቤቴ «ምነው፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት።

ደህና አይደለሁም። ስልኬን ዘግቼ የተኛሁበትን ሌሊት አላስታውስም። መልእክት ልኬለት የዘገየብኝን ሰው ሁሉ በሐሳቤ ቀብሬ፣ ዕድሩን አስጠርቼ፣ ድንኳኑን አስተክዬ ስጨርስ ነው «ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» የሚል መልስ የሚደርሰኝ። ባሌ «አንቺ በቁሙ ያልቀበርሽው ዘመድ አለሽ?» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ በዚያ ጥቅምት እኔ ባደግሁባት ከተማ፣ ሮብ ገበያ፣ አልነበረም።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጉብታ ሥር ነው፤ ከኋላችን የጮቄ ተራራ፣ ከፊታችን የገብስ ማሳ። በጥቅምት ንጋት ውርጩ ሣሩን ያነጣውና እግር ሲረግጠው ይንኮሻኮሻል። አባዬ ቄስ ነው። ስልክ ነበረው፤ ቤታችን ግን ኔትወርክ አይደርስም። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ብቻ ነበር። ያገሩ ሰው ሥራ ሲፈታ እዚያ ይወጣና አንድ ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ ይጮሃል። አባዬ «እኔ እኮ ምእመኑ የበዛልኝ ለጸሎት መስሎኝ ነበር» ይል ነበር።

አባዬ ከቅዳሴው ሌላ አንድ የማይወደው ሥራ ነበረው። መርዶ ነጋሪ ነበር። ከሩቅ አገር የሞት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው። እሱም ለሟቹ ቤተሰብ ትንፍሽ ሳይል ሽማግሌዎቹን ያስጠራል፤ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤት ቤት ተሰባስበው ሄደው በር ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን «ወሬውን ትናንት ከሰማህ ለምን ትናንት አልነገርካቸውም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ክፉ ወሬ በማታ አይነገርም» አለኝ። «ሰው መጀመሪያ ይብላ፣ ይተኛ። ሐዘን ጉልበት ይፈልጋል ልጄ። ሳይበላና ሳይተኛ መርዶ የተረዳ ሰው ይሰበራል።»

እኔ ግን የገባኝ ሌላ ነበር። ሰው የሚሞተው አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲናገር ነው ብዬ አምን ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየው በሆነ አገር ይተነፍሳል። ስለዚህ አባዬ በጨለማ ተነሥቶ ጋቢውን ሲያጣፋ በሰማሁ ቁጥር፣ ዛሬ ቢያንቀላፋ አንድ ሰው ይተርፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጌትነት በዚያ ዓመት አገሩ ላይ አልነበረም። ከጎረቤታችን ልጅ ከስሜነህ ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ካርቱም ዳቦ ቤት ይሠራ ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ ብቻ ሳይሆኑ የአንድ ጡትም ልጆች ናቸው። እማዬ ጌትነትን ወልዳ በታመመች ጊዜ ያጠባችው የስሜነህ እናት እትዬ ጠጅቱ ናት። እትዬ ጠጅቱ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያላት ስሜነህና ከቤቷ ጓሮ የተደረደሩት የንብ ቀፎዎች ናቸው። ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ቀልደኛ፣ ሲከፋት ደግሞ ቀፎዎቿን የምትሳደብ ሴት ነበረች።

ጥቅምት ማር የሚቆረጥበት ወር ነው። እትዬ ጠጅቱ ሰፈፉን ታመጣና ከእማዬ ጋር ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጧፍ ይሠራሉ። እኔ የተከረረውን ፈትል ጫፍ ይዤ ወጥሬ እቆማለሁ፤ እነሱ በእሳት ያለሰለሱትን ሰም በመዳፋቸው እያሹ ያለብሱታል። ፈትሉን ካላላሁት ጧፉ ይጎብጣል። ከትምህርት ቤት መልስ ክንዴ እስኪዝል እወጥራለሁ፤ እጄ፣ ጸጉሬ፣ ደብተሬ ሁሉ ሰም ሰም ይላል። ሁለቱ እያሹ የሚያወሩት ስለ ልጆቻቸው ነው።

«ድሮ ልጅ ሲሄድ ይናፍቃል» አለች አንድ ቀን እትዬ ጠጅቱ። «አሁን ፊቱን እያዩ መናፈቅ መጣ። ይሄ አይብስም?»

ፊታቸውን የሚያዩት ዳኘው ፎቶ ቤት ነበር። ዳኘው ከገበያው ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ፏፏቴ በተሳለበት ሸራ ፊት ሰው ያነሣል። በዚያ ዓመት ኮምፒውተር ገዛ፤ የኢንተርኔቷን ዕቃ በረጅም ሽቦ አስሮ ከቆርቆሮው በላይ በሸንበቆ ሰቀላት። በከተማችን ፌስቡክ የከፈተ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሮብ ሮብ እናቶች ገብሳቸውን ሸጠው እሱ ዘንድ ይሰለፋሉ፤ በየአረብ አገሩና በየሱዳኑ ያሉ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያወጣ ያሳያቸዋል። እነሱ የኮምፒውተሩን መስታወት ይስማሉ፣ እሱ በእጅጌው ይወለውላል። «እናቶች፣ እባካችሁ ቅቤ የተቀባ ሰው አይሳም» ይላቸዋል፤ ማንም አይሰማውም።

ስሜነህ ፌስቡክ አልነበረውም። ጌትነት በሚለጥፈው ፎቶ ላይ ግን ሁልጊዜ ከዳር ይኖራል። እትዬ ጠጅቱ ታዲያ «ዳኜ፣ የኔን እስቲ ወደ መሃል አምጣው» ትለዋለች። እሱም ፎቶውን አሳድጎ ስሜነህን መሃል ያደርግላታል፤ ያኔ ጌትነት ግማሽ ትከሻው ብቻ ይቀራል። እማዬ ደግሞ «መልሰው እንጂ፣ የኔስ?» ትላለች። ሸሚዙ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደከሳ፣ ከኋላቸው ያለው ጆንያ ምን እንደያዘ ሲከራከሩ ይውላሉ። በመጨረሻው ፎቶ ላይ ስሜነህ ዳቦ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ ነበር።

«ምነዋ ዓይኑ ገባ?» አለች እትዬ ጠጅቱ።

«የካሜራው ነው እትዬ፤ ጥላ ነው» አላት ዳኘው።

እኔ ከፎቶው ይልቅ የማየው ሌላ ነበር። በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ስሞች ይደረደራሉ፤ ከአንዳንዱ ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ምን እንደሆነች ማንንም አልጠየቅሁም፤ እኔው በራሴ ደረስኩበት። እስትንፋስ ናት። ሰውየው ሲተነፍስ ትበራለች። ብዙ ጊዜ ግን ትጠፋለች፤ ያኔ ሰው ትንፋሹን ስንት ጊዜ መያዝ ይችላል ብዬ እኔም ትንፋሼን ይዤ እሞክራለሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዳኘው በር አሾልቄ የጌትነትን ነጥብ ሳላይ ቤት አልገባም። በርታ ካየሁ እየዘለልኩ እሄዳለሁ። ጠፍታ ካገኘኋት እስክትበራ ደጁ ላይ እቆማለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ወንድሜን በሕይወት የምጠብቀው እኔ ነኝ የሚል ነገር በሆዴ ነበር፣ ከባድ ነገር ነው ለልጅ።

ከዚያ ነጥቧ ጠፍታ ቀረች። ማክሰኞ የለችም፣ ሮብ የለችም። ሮብ ዕለት እማዬና እትዬ ጠጅቱ ጉብታው ላይ ወጥተው ደወሉ። ሁሌም ሁለት ሆነው ነው የሚደውሉት፤ ስልኩን ቀድማ ከአባዬ እጅ የምትነጥቀው ግን እትዬ ጠጅቱ ናት። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ መለሰችላቸው። እትዬ ጠጅቱ «ይቺ ደግሞ ሁሌ ከየት ነው የምትመጣብን?» ብላ ዘጋችው። ሳቅን። እማዬ ግን ከጉብታው ስንወርድ ሁለት ጊዜ ዞራ ጥዱን አየችው።

በማግስቱ ዳኘው ዘንድ ስደርስ ኮምፒውተሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮታል። «መብራት የለም» አለኝ። ከራሱ በላይ አምፖሉ ይበራል። አምፖሉን አየሁት፤ እሱም አየው። «ሂጂ ወደ ቤትሽ፣ እናትሽን አግዢ» አለኝና ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ዳኘው ለሰው ከረሜላ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ አገሩ ሁሉ ደግ ሆነ። የሒሳብ አስተማሪያችን የቤት ሥራ ላልሠራ ልጅ ምሕረት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ባዶ ደብተሬን አይቶ «ነገ ትሠሪዋለሽ» ብሎ ራሴን ዳሰሰኝ። ፓስቲ የምትሸጠዋ ሴት ጠርታ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ልጆች ገመድ ዝላይ ላይ ተራቸውን ለቀቁልኝ። ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ስደርስ ወሬው ይቋረጣል፤ ሳልፍ ከንፈር ሲመጥጡ ይሰማኛል። አሰብኩ አሰብኩና ገባኝ። ልሞት ነው። ሰው እንዲህ የሚታዘንለት ሊሞት ሲል ነው፤ በሽታዬን ሁሉም አውቆ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት። የእማዬን መስታወት ወስጄ ምላሴን አየሁ። ነጭ መሰለኝ። ያን ማታ ፈትሉን አላላሁትና ጧፉ ጎበጠ። እማዬ «ምን ሁነሽ ነው?» ብትለኝ «ምንም» አልኩ። እንዳታዝን ብዬ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ከተማው የሚያውቀውን የማናውቅ እኛ ብቻ ነበርን። የጌትነት ፊት ከፌስቡኩ ላይ ተነሥቶ በምትኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ጧፍ ይነድ ነበር። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩ ሌላው «ነፍስ ይማር» ብሏል፤ ከእነዚያ የቀዳ የደብረ ማርቆስ ዘመዳችን «ጌቴ ወንድሜ፣ ነፍስህን በገነት ያኑራት» ብሎ ጨምሯል። በእኛ አገር ሰው ፊቱ ተነሥቶ ጧፍ ከበራለት ሌላ ትርጉም የለውም። ዳኘው አይቶ ለዕድሩ ዳኛ ለአያ ሞላ ነገራቸው። አያ ሞላ አስተዋይ ናቸው፤ «አንድ ሰው አየሁ ባለው ሰው አይረዳም» ብለው ደብረ ማርቆስ አስደወሉ። «እኔም አይቻለሁ» አለ ዘመዳችን። ደምበጫ አስደወሉ። እዚያም አይተዋል። የጌትነት ስልክ ደግሞ ዝግ ነው።

እኔ የማስታውሰው ንጋቱን ነው። አባዬ ለኪዳን ተነሥቶ ፊቱን እየታጠበ ነበር። ውሻችን ጮኸ፣ ከዚያ የሚያውቀው ሰው ሲሆን እንደሚያደርገው ዝም አለ። ደጅ ላይ ሳል ተሰማ፤ አንድ ሳል አይደለም፣ የብዙ ሰው ሳል። አባዬ በሩን ከፈተ። በውርጩ ላይ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ቆመዋል፣ አያ ሞላ ከፊት።

«እንዴት አደራችሁ» አለ አባዬ። ምንም አልመሰለውም። ቶሎ ብሎ ገብቶ ጋቢውን አጣፋ፣ የእጅ መስቀሉን ከራስጌው አነሣ፣ በሩ ላይ ተመለሰ። «ለማን ቤት ነው?» አላቸው።

አባዬ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርቶታል፤ ሰዎች እንዴት እንደሚቆሙ፣ ዓይናቸውን የት እንደሚያደርጉ ያውቃል። መስቀሉን የያዘ እጁ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይግቡ አባ፣ ይቀመጡ» አሉት አያ ሞላ።

የእማዬ ጩኸት ከማን ቤት እንደመጣ ለጊዜው አልገባኝም ነበር። ከወንዶቹ ኋላ ሴቶች ገቡ፤ ቀድማ የደረሰችው እትዬ ጠጅቱ ናት። ሽማግሌዎቹ የተሰባሰቡት እሷ ቤት ነበርና ከዋዜማው ጀምሮ ታውቅ ነበር። «የኔስ?» ብላ ጠይቃቸው ኖሯል፤ «ስሜነህማ ደህና ነው፣ ያስታመመው እሱ ነው እንጂ» ብለዋታል። ስለ ስሜነህ አንድም ክፉ ያየ ሰው አልነበረምና። እማዬን አቅፋ፣ ደረቷን እየመታች ታለቅስ ነበር። «ያጠባሁት ልጄ! ምነው በኔ በሆነ! ምነው በኔው ልጅ በሆነ!» ትላለች። ሁሉም ሐዘንተኛ የሚለው ነው፤ ማንም አላስተዋለውም።

እኔ አላለቀስኩም። የሞትኩት እኔ አለመሆኔን ገና እያጣራሁ ነበር። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ነጥቧን መጠበቅ የተውኩት እኔ ነኝ።

ከቀትር በኋላ አያ ሞላ ጠሩኝ። በለቅሶው መሃል የሚያዝ የጌትነት ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ዳኘው ሊያዘጋጀው ሄዷል፣ አምጪ አሉኝ። ሮጥኩ። ዳኘው ዓይኑ ቀልቶ መቀስ ይዞ ቆሟል። ያለው ፎቶ ሁለቱ ከመሄዳቸው በፊት በፏፏቴው ሸራ ፊት ተቃቅፈው የተነሡት ብቻ ነበር። ከመሃሉ ቆርጦታል። ጌትነት ለብቻው ጠረጴዛው ላይ ሆኗል። ስሜነህ የቀረበት ግማሽ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ በትከሻው ላይ የጌትነት ጣቶች ቀርተዋል።

ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ ወደ ጠርዙ አየሁ።

«ጋሼ ዳኘው፣ ጌቴ ይተነፍሳል።»

«ተይ ልጄ፣ ተይ እባክሽ።»

«ነጥቧ በርታለች፤ ይኸውልህ።»

ዞሮ አየ። መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ወንበሩ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ ተቀምጦ በአንድ ጣቱ የሆነ ነገር ጻፈ። ጠበቅን። ከዚያ መልሱ ብቅ ማለት ጀመረ። አማርኛ ነው፣ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ፤ እኔ ፊደል እየቆጠርኩ ሳነብ ዳኘው ቀድሞኝ ጨርሷል። «እኔ ነኝ፣ ጌትነት» የሚለው ላይ ስደርስ ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ ክንዱን ይዤ ነቀነቅሁት። እሱ ግን ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ለምን እንደማይደሰት አልገባኝም። ተመልሼ ቀሪውን ማንበብ ጀመርኩ።

«ስሜነህን ቀበርነው። ወባ ነው፣ ቶሎ ወሰደው። ብደውል ስልኩን ቀድማ የምታነሣው እትዬ ጠጅቱ ናት፤ ልጄን አገናኘኝ ብትለኝ ምን እላለሁ? ፈርቼ ዘጋሁት። ጧፉን ያበራሁት ለእሱ ነው። ለአባዬ ንገርልኝ፣ በወጉ ያርዳት።»

ዳኘው ኮምፒውተሩን ነቀለ፣ ፎቶ ቤቱን ቆለፈ። የተቆረጠውን የስሜነህን ግማሽ ከጠረጴዛው አንሥቶ በደረት ኪሱ ከተተው። እጄን ይዞ ወደ ቤት ሲወስደኝ «እንዳትናገሪ» ይለኛል፤ ትንሽ ሄደን ደግሞ «እንዳትናገሪ።»

አባዬን ከወንዶቹ መሃል ጠርቶ ወደ ጓሮ ወሰደው፤ አያ ሞላም ተከተሉ። ዳኘው የሚናገረውን ሲጨርስ አባዬ ወድቆ መሬቱን ሳመ። ሲነሣ አፈሩ ጢሙ ላይ ነበር። «ስሜነህ?» አለ። ዳኘው ግማሹን ፎቶ ከኪሱ አወጣ። አባዬ ጣቶቹን፣ ትከሻው ላይ የቀሩትን የልጁን ጣቶች፣ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ሦስት ምስክር አገኘሁ ብዬ ነበር» አሉ አያ ሞላ። «ሦስቱም ያዩት አንዱን ጧፍ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

አባዬ አልሰማቸውም መሰለኝ። ከአጥሩ ባሻገር ከእትዬ ጠጅቱ ቤት ንቦች ይጮሃሉ። «ጠጅቱ» አለ፣ «ከጧት ጀምሮ እህል ቀምሳለች?»

አልቀመሰችም። እማዬ አልበላም ስላለች እሷም አልበላችም። ስለዚህ አባዬ ወሰነ። እስከ ንጋት ከዚህ ጓሮ ቃል አይወጣም፤ ለቅሶው እንደነበረ ይቀጥላል። ወደ እኔ ዞረና ጉንጬን ያዘኝ። «ልጄ፣ ፊትሽ ይስቃል» አለኝ። «ጓዳ ግቢና ከሰሙ ጋር ተቀመጪ። እስኪመሽ አትውጪ።»

እማዬን የጸሎት አስመስሎ ወደ ጓዳ አስጠርቶ በጆሮዋ ነገራት፤ እኔ ጥግ ላይ ነበርኩ። አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላውቅም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና ከእትዬ ጠጅቱ ጎን ተቀምጣ፣ ራሷን ጭኗ ላይ ጥላ አነባች። ከጧቱ የባሰ ነበር።

ያን ያህል የፈራሁበት ቀን የለም። ከጉብታው፣ ከጥዱ ሥር የሚመጣ ሰው ሁሉ ወሬውን በኪሱ ይዞ የመጣ ይመስለኛል። አንድ ጎረምሳ ስልኩን እንደጨበጠ ገብቶ «እትዬ ጠጅቱ!» ብሎ ሲጣራ በእጄ የያዝኩትን ጧፍ ሰበርኩት። የውሃ ማሰሮ ፈልጎ ነበር። ትንሽ ቆይታ እትዬ ጠጅቱ ራሷ ውሃ ልትቀዳ ጓዳ ገባችና አየችኝ። ከሰሙ አጠገብ ተንበረከከች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። «እኔ አለሁልሽ። ስሜነህ ሲመጣ ያንቺም ወንድም ነው።»

ፊቴን ደረቷ ላይ ቀበርኩ፣ እንዳታየኝ። ማር ማር ትሸት ነበር።

ሲመሽ እማዬ ምግብ ጠየቀች። ሴቶቹ ተደነቁ። እትዬ ጠጅቱ «እሰይ! አፏን ከፈተች!» ብላ ራሷ አቀረበች። «አንቺ ካልበላሽ አልበላም» አለቻት እማዬ። እትዬ ጠጅቱ በላች። እማዬ እየጠቀለለች ታጎርሳታለች፣ እንባዋ ወጡ ላይ ይወርዳል፤ ሌላዋ ደግሞ ጎረቤቷ በመብላቷ ደስ ብሏት «በይ አንቺም፣ በይ» ትላለች። ከዚያ ጎን ለጎን ተኙ። እኔ እግራቸው ሥር ነበርኩ። የእትዬ ጠጅቱን አተነፋፈስ እያዳመጥኩ፣ አባዬ ነገ ባይናገር ስሜነህ ይተርፋል እያልኩ ማርያምን ለመንኳት። እሷ ግን ተኛች። ልጅ ያላት ሴት ሆና አደረች።

አሁን ያን ሌሊት ለሰው የሚሰጥ የለም። ሞት ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ መሃል፣ ምሳ ላይ፣ ከልደት ፎቶና ከቀልድ መሃል ተሰክቶ ይደርሳል፤ ስልክ ሰው ይብላ ይተኛ አይልም። አባዬ ያደረገው ልክ ነበር ወይ ብዬ ግን እስከ ዛሬ እጨነቃለሁ። ያንን ሌሊት ለራሴ እፈልገው እንደሆነ አላውቅም።

ንጋት ላይ እትዬ ጠጅቱ ቀድማ ተነሣች። ሐዘንተኛ ቤት ነው፣ እሳት ማንደድ የጎረቤት ነው። እንጨት ስትሰብር ደጅ ላይ ሳል ሰማች። «ገና በጧቱ ለማጽናናት መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው» ብላ በሩን ከፈተች።

ውርጩ ላይ የትናንቶቹ ሰዎች ቆመዋል። ከፊት ያለው ግን አባዬ ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ መስቀሉን ይዞ። ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል።

«ቄሱ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ ወጡ?» አለችው።

ስንቱን ያረዳ አባዬ በራሱ ቤት በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ዳኘው ከኋላ ሆኖ ኪሱን በእጁ ይዟል። እትዬ ጠጅቱ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እማዬ ዞረች። እማዬ ከመኝታዋ ተነሥታ በባዶ እግሯ ቆማለች።

«ማታ የበላሽው ለዚህ ነው?» አለቻት።

እማዬ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

እትዬ ጠጅቱ የያዘችው እንጨት ከእጇ ወደቀ። ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮኸችም። መቀነቷን ፈታች፣ መልሳ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ እጇን ለእማዬ ዘረጋች።

«ያንቺን አልቅሼልሻለሁ» አለቻት። «ነይ፣ አሁን የኔን አልቅሺልኝ።»